እንጨትና ሳሙና

ዳበል በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ ከሞያሌ ከተማ ራቅ ብላ የምትገኝ የአርብቶ አደሮች መንደር ናት። አገሩ ቆላ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚጥለው ዝናብ በቀር ውሃ የሚገኘው በድካም ስለሆነ፣ አንዲት የቤት እመቤት አንዱን ጀሪካን ውሃ ለምን ለምን ተግባር እንደምታውለው አስቀድማ ታስባለች። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለጥጃና ለግልገል ካካፈለች በኋላ ለዕጥበት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህ አካባቢ የፕላስቲክና የብረታ ብረት ዕቃ ዛሬ በብዛት ቢገባም፣ ከእንጨት የሚሠራው ዕቃ ገና ከቤት አልወጣም። በሩ፣ በርጩማው፣ አልጋው፣ ሙቀጫው፣ ምግብ የሚቀርብበት ገበቴ፣ በግመል አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ቃጭል ሳይቀር ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ከእነዚህም አንዳንዱ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ በመሆኑ በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

ወደ ቦረና ቤት የገባ እንግዳ አንድ ነገር ሳያስደንቀው አይቀርም። የቤቲቱ እመቤት ብርጭቆውንና ሳህኑን በሳሙና አጥባ ከጨረሰች በኋላ፣ ወደ ወተቱ ዕቃ ስትደርስ ሳሙናውን ወደ ጎን ታደርገዋለች። ጎርፋ የሚባለው የቦረና የወተት ማጠራቀሚያ ከተክል ሥር በተገኘ ጭረት ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ዕቃ ነው። ዕቃው በሙቅ ውሃ ይታጠብና ይደርቃል፤ ከዚያም ከግራር እንጨት የተሰነጠቀ የጋለ ፍም በውስጡ እየተደረገ በጭስ ይታጠናል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የጠላው ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ በወይራ እንደሚታጠነው ማለት ነው። ይህን የሚያይ ሰው ልማዱን ከሳሙና እጦት የመጣ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ግምቱ ግን ትክክል አይደለም። ሳሙናው በቤቱ ውስጥ አለ፤ የቀረው ሆን ተብሎ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የእንጨትን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርጭቆና ብረት ፈሳሽ ነገር አያስገቡም፤ እድፉም የሚቀመጠው በገጻቸው ላይ ብቻ ነው። እንጨት ግን ከሥር ወደ ቅጠል ውሃ ያመላልስ የነበረ የሕይወት ክፍል ነው። አካሉ ለዐይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆና ደርቆ ጠረጴዛ ከሆነ በኋላ እንኳ እነዚህ ቱቦዎች አይደፈኑም። ስለዚህም በእንጨት ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ከገጹ አልፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከተክል ሥር የተሰፋው ጎርፋም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። በሳሙና የታጠበ የወተት ዕቃ የሳሙናውን ውሃ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ወተት ሲገባበት የጠጣውን መልሶ ለወተቱ ያካፍላል። የወተቱ ጣዕም ይለወጣል፣ የሚጠጡትም ሕፃናት ሳሙና ይጠጣሉ።

ጭሱ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። የፍሙ ሙቀት በጭረቶቹ መካከል የቀረውን እርጥበት ያደርቃል። በጭስ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮችም ወተት የሚያበላሹ ተሐዋስያንን መራባት ይገታሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የታጠነ ዕቃ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቀው ይሆናል እንጂ ጥሬውን ወተት ከበሽታ ነፃ አያደርገውም። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉት እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎች የሚወገዱት ወተቱ በእሳት ሲፈላ ነው።

ለመሆኑ ሳሙና ራሱ ምንድን ነው? በአማርኛ ሳሙና፣ በዐረብኛ ሳቡን፣ በስዋሂሊ ሳቡኒ የሚባለው ይህ ዕቃ ስሙ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። አሠራሩም በየአገሩ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ስብ ወይም ዘይት አልካሊ ከሚባል ኃይለኛ ነገር ጋር ሲዋሐድ ሳሙና ይሆናል። በጥንት ዘመን አልካሊው ከእንጨት አመድ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ኮስቲክ ሶዳን ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ጫፍ ስብን ይይዛል። በዚህም ምክንያት ውሃ ብቻውን ሊያነሣው የማይችለውን ቅባት ከገጹ አላቆ ከውሃው ጋር ይወስደዋል።

የአንድን ፈሳሽ አሲድነት ወይም አልካሊነት ለማወቅ የሚያገለግለው መለኪያ ፒ ኤች ይባላል። ንጹሕ ውሃ 7 ነው። ደረቁ የገላና የልብስ ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 10፣ ኦሞ እየተባለ የሚጠራው የዱቄት ሳሙና ከ10 በላይ፣ በረኪና ደግሞ ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ መስለው ቢታዩም መለኪያው አታላይ ነው። አንዱ ደረጃ ከሌላው በዐሥር እጥፍ ይበልጣልና፣ ፒ ኤቹ 12 የሆነ በረኪና ከንጹሕ ውሃ ይልቅ 100,000 ጊዜ አልካሊ ነው። ይህ ለእንጨት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመገመት የወረቀት ፋብሪካን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ፋብሪካው የእንጨቱን ፍላጭ በኮስቲክ ሶዳ እየቀቀለ የእንጨቱን ጭረቶች እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘውን ሊግኒንን ያሟሟል፤ ጽኑ የነበረው እንጨትም ልሞ እንደ ገንፎ ይሆናል። ጠረጴዛዋን በዱቄት ሳሙና ወይም በበረኪና እየደጋገመች የምትፈትግ ሴት ይህንኑ ሥራ በቀስታ ትሠራለች ማለት ነው። መጀመሪያ የገጹ መልክ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ እጅ ሲዳስሰው እንደ ጠጉር ይሻክራል፤ በመጨረሻም የተነሡት ጭረቶች እድፍን ከበፊቱ የበለጠ መያዝ ይጀምራሉ። ንጹሕ ይሁን ተብሎ የተፈተገው ገጽ ቶሎ ቶሎ የሚያድፈው በዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ጉዳቱ ሁሉ የሳሙናው ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሰው የማይጠረጥረው፣ ሆኖም የበለጠ የሚጎዳው፣ ውሃው ራሱ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ይህ ለውጥ በቁመቱ በኩል እምብዛም አይታይም፤ በጎኑ በኩል ግን ጎልቶ ይታያል። እንደ ዳበል ባለ ደረቅ አገር ሳንቃው ከአየሩ ጋር ተስማምቶ በጣም ደርቆ ይኖራል። በአንድ ጠዋት ባልዲ ሙሉ ውሃ ሲደፋበት ላዩ በድንገት ያብጣል፣ ታቹ ግን እንደ ደረቀ ይቀራል፤ ሳንቃውም ይጎብጣል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቶሎ ቶሎ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የተጣበቀበት ኮላ ይለቃል፣ ምስማሩም ይላላል። እርጥበት አዘል ሆኖ በሚቆየው የእግሩ ጫፍ በኩልም ምስጥ ይገባል። በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ መልክ ውሃ ተደፍቶባቸው የሚታጠቡት ዴስኮች ዕድሜ የሚያጥረው ከተማሪዎቹ ብዛት ይልቅ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

እንጨት ውስጥ በተፈጥሮ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ታኒን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ሲሆን፣ በተለይ በግራር ልጥ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ይህ ነገር እርጥብ ብረት ሲነካው ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ስለዚህ የእንጨት ዕቃን በብረት ሽቦ መፈግፈግ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሽቦው ገጹን ይቧጥጣል፣ ተሰባብሮ የሚቀረው የብረት ብናኝም ዝጎ ጥቁር ነቁጥ ይተዋል። እርጥብ ምጣድ ወይም ብረት ድስት ያደረበት ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ጥቁር ክብ ምልክትም ከዚሁ የመጣ ነው።

የእንጨት ዕቃን እንዴት ማጽዳት ይገባል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው የዕቃውን ገጽ ከመለየት ነው። ዕቃው ቅብ ያለው ነው ወይስ ባዶ? ይህን ለማወቅ በማይታይ ጥግ አንድ ጠብታ ውሃ ማድረግ ይበቃል። ጠብታው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከቆየ ገጹ ቫርኒሽ፣ ቀለም ወይም ሰም አለው። ጠብታው ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ግን እንጨቱ ባዶ ነው፤ ወይም ቅቡ አልቋል። ቅብ ላለው ዕቃ አስቀድሞ አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ያስፈልጋል። በዳበልና በሞያሌ አካባቢ ያለው አቧራ አሸዋ ያለበት ስለሆነ፣ ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ቢታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። ከዚህ በኋላ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ላርጎ፣ ማለትም ለሳህን ማጠቢያ የሚያገለግለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ይበጠበጣል። ጨርቁ በዚህ ውሃ ይነከርና አንድም ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ይጨመቃል። የሚታሸው ገጽ በአንድ ጊዜ ትንሽ በትንሽ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ እንጂ አቋርጦ መሆን የለበትም። ወዲያው በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ የሳሙናው ቅሪት ይነሣል፣ በሦስተኛ ደረቅ ጨርቅም ይደርቃል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ውሃ ከሁለት ሊትር አይበልጥም። ውሃ በጀሪካን ለሚለካበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቡና ረከቦት፣ ገበቴ፣ የእንጨት ማንኪያና ሌሎች ባዶ እንጨት የሆኑ የምግብ ዕቃዎች ከተጠቀሙባቸው በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ መታጠብ አለባቸው። በጥቂት ሳሙና ማጠብ አይከለከልም፤ የሚከለከለው በሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ታጥበው በሚገባ ከተለቀለቁ በኋላ ነፋስ በሚያገኛቸው ጥላ ሥር በጎናቸው ቆመው ይደርቃሉ።

ስለ ሥጋ መክተፊያ ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች የእንጨት መክተፊያ በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን ስለሚደብቅ ከፕላስቲክ ያነሰ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ሳይንቲስት ዲን ክሊቨርና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጥናት ግን ይህን እምነት አናግቶታል። በእንጨቱ ላይ የተደረጉት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ተስበው፣ እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ እየሞቱ ተገኙ፤ በቢላ በተቧጨረ ፕላስቲክ ላይ የነበሩት ግን በሕይወት ቆዩ። ይህ ማለት መክተፊያ አይታጠብም ማለት አይደለም። ጥሬ ሥጋና ዶሮ የተከተፈበት እንጨት ወዲያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። በረኪና በእንጨት ላይ ሊፈቀድ የሚችለውም እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ተበጥብጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ከተለቀለቀ ነው። ጤና ከመክተፊያው ዕድሜ ይበልጣልና።

በረኪና የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣሊያንኛ ነው። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ነገር ሲሆን፣ ለቤት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ይይዛል። የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በእንዲህ ያለ የድንበር ከተማ ከአዲስ አበባ የመጣ ሳሙናና ከናይሮቢ የመጣ በረኪና በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢገኙ አያስገርምም። አንዱ ጠርሙስ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ይናገራል። ገዢው ከእነዚህ አንዱን ብቻ፣ ወይም ከነጭራሹ ማንበብ የማይችል ሊሆን ይችላል። አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ባዕድ አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915፣ የጀርመን ጦር በቤልጂግ አገር ኢፕር በሚባለው ግንባር የለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነበር። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስተዋት ማጽጃ ወይም ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሳንባን የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። በብዙ ቤት ዘንድ የእንጨት መክተፊያን ሽታ በሎሚ ማጥፋት የተለመደ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። በሎሚ የታሸውን እንጨት ሳይለቀልቁ በረኪና ማፍሰስ ግን ጠባብና መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። «አንዱ ብቻውን ካጸዳ ሁለቱ ተባብረው ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው አስተሳሰብ ለሰው ጉልበት እንጂ ለእነዚህ ነገሮች አይሠራም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በረኪናን ከጀሪካን እየቀነሱ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መሸጥና ማስቀመጥ ነው። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው በቅርጹ ነው። ሳያውቅ የጠጣ ልጅ ቢያጋጥም አፉን በውሃ ማጠብና ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ይገባል። እንዲያስታውክ ማስገደድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። ዐይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ በንጹሕ ውሃ ማጠብ የመጀመሪያው ርዳታ ነው። ውሃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በዚህን ጊዜ አይቆጠብም።

ታጥቦ የደረቀ ባዶ እንጨት ውበቱን እንዲመልስ ዘይት ወይም ሰም ይቀባል። አናጢዎች ለቤት ዕቃ የሚመርጡት የተልባ ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ አየር እያገኘ ሲሄድ ይጠነክርና ቱቦዎቹን ይደፍናል። ይሁንና ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቢጣል ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ እንዲደርቅ ይደረጋል። አንዳንድ ሰዎች ጠረጴዛን በነጭ ጋዝ መወልወል ይወዳሉ፤ በእርግጥ ያብለጨልጫል። ከሰል በሚነድበት ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ግን ከሞኝነት አያልፍም። የምግብ ዕቃ ከሆነም ሽታው አይለቅም። በአልኮል መወልወልም ቢሆን ሼላክ የሚባለውን ቅብ እንደ ስኳር ያሟሟዋልና መጠንቀቅ ያሻል።

ማንኛውም የቤት ማጽጃ ሊነካቸው የማይገቡ እንጨቶችም አሉ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ እርሱን የመሰሉትም ሌሎች ሠዓልያን፣ ሥዕሎቻቸውን ይሠሩ የነበረው በእንጨት ገበታ ላይ ነጭ የመደብ ቅብ ከቀቡ በኋላ ነው። ይህ መደብ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ከላዩ ያለውም ቀለም አብሮት ይነሣል። አምስት መቶ ዓመት የዕጣን ጢስና የሰም ጥላሸት ችሎ የኖረ ሥዕል፣ በቅን ልቡና ተነሣሥቶ እርጥብ ጨርቅና ሳሙና የያዘ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለውን ቅርስ ማጽዳት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ሌላው ሰው አቧራውን እንኳ ባይነካው ይሻላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የታጠበበት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ በአገር ቤት እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ፣ ማንም የማይፈራው ተክል ነው። ይህ ግኝት ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በዐድዋ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ስለነበሩ ነገሩ ለሰው ጥቅም ሆነ። ነገር ግን አረፋው ልብሱን አንጽቶ ሲያበቃ ኃይሉ እንዳላለቀ፣ ወንዙን ተከትሎ እንደ ወረደ ልብ ይሏል። በዳበል ሰውም ከብትም ግመልም የሚጠጡት ከአንድ ኤላ ወይም ከአንድ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሳሙናውና የበረኪናው እጣቢ ከውሃው ምንጭ ርቆ፣ መሬቱ በሚመጥበት ደረቅ ቦታ ይደፋል እንጂ በኩሬው ዳር አይደፋም፤ በከብቶች ገንዳ ውስጥም ዕቃ አይለቀለቅም።